የጎተራ ማስታወሻ፦ ከፍልሰታ እስከ መስከረም

ነሐሴ 3 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ከትናንት ማታ ጀምሮ አላባራም። ገና ቡና ሳልቀምስ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ያ ጎተራህ እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም አድሮ መብራት ሲሄድ ሁሉንም ረሳው።» እትዬ ናቸው። ለገጣፎ ውስጥ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አስፋልት ዳር ፎቶ ቤት አላቸው። በአካባቢው ያገባ ሰው ቤት ገብታችሁ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የሠርግ ፎቶ ካያችሁ፣ የእርሳቸው እጅ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ጎተራ ከሦስት ዓመት በፊት ለራሴ የጻፍሁት የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም ነው። የሚጫኑት ምልክት የለውም፤ በትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ሲሰጠው ብቻ ይሠራል። ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል፤ እስካሁን ግን የፈለገ ብዙ ሰው አልመጣም። የማውቃቸው ተጠቃሚዎች ሦስት ናቸው፦ እኔ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬና እትዬ። ከሦስታችን የሚያማርሩት እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ የፕሮግራሙ አቅጣጫ በእጃቸው ነው ማለት ይቻላል። ሬስቲክና ቦርግን የመሰሉ የበሰሉ መሣሪያዎች እያሉ ለምን ደከምህ የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ የሚያኮራ አይደለም። ሐሳቡን ከእነርሱ ወስጄ ትእዛዙንና መልእክቱን በአማርኛ ላደርገው ፈለግሁ፤ ከዚያ መተው አቃተኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፋይል በ4 ሜጋባይት ቁራሽ ይቆረጣል። ከቁራሹ በሻ 256 ስሌት 32 ባይት የሆነ አሻራ ይወጣል፤ ቁራሹም በዚያ አሻራ ስም ዲስኩ ላይ ይቀመጣል። ይዘቱ አንድ የሆነ ቁራሽ አሻራውም አንድ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ስም ቀድሞ የተቀመጠ ካለ ይታለፋል። እትዬ አንዱን ሠርግ «ሁሉም»፣ «የተመረጠ» እና «ለአልበም» በሚሉ ሦስት አቃፊዎች ሦስት ጊዜ የመቅዳት ልማድ አላቸው፤ ጎተራ ውስጥ ግን የሚገባው አንድ ጊዜ ነው። የትኛው ፋይል ከየትኞቹ ቁራሾች እንደተሠራ የሚናገረው ማውጫው ነው። እኔ ደግሞ ማውጫውን የምጽፈው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር። መብራት መሀል ላይ ሲሄድ ቁራሾቹ አሉ፣ ማውጫው የለም፤ በማግስቱ ፎቶው ሁሉ እንደ አዲስ ይነበባል፣ አሻራው እንደ አዲስ ይሰላል።

ዝናቡ ጋብ ሲል ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄድሁና «ጎተራ መርምር» ብዬ አዘዝሁት። እትዬ ካማረሩበት የባሰ ነገር ጠበቀኝ። የሁለት ቁራሾች አሻራ ከስማቸው ጋር አልገጠመም። መብራቱ የሄደው እነርሱ በመጻፍ ላይ ሳሉ ነው፤ ስማቸው ሙሉ፣ ሆዳቸው ግማሽ። በማግስቱ ፕሮግራሙ ስሙን ብቻ አይቶ «ይህ አለ» ብሎ አልፏቸዋል። ዋናዎቹ ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ስለነበሩ የጠፋ ነገር የለም፤ ግን ጆሮዬ ጋለ። ለእትዬ ያየሁትን ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

«ታዲያ ሳይኖረው አለኝ ማለትን ማን አስተማረው?»

እኔ ነኝ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ቁራሹ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፋል፤ ከዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የያዘውን ሁሉ እስከ ዲስኩ እንዲያወርድ ይታዘዛል፤ በመጨረሻ ስሙ ወደ አሻራው ይለወጣል። እኔ የዘለልሁት መካከለኛውን ነበር። ኦፕሬቲንግ ሲስተም «ጽፌያለሁ» ሲል ጽሑፉ ገና ሚሞሪ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ እያቆየ «መዝገብ ቤት ገብቷል» እንደሚል ጸሐፊ ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ቁራሽ ይህን ሳደርግ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ እንደ ኤሊ ሆነ። 32 ቁራሽ አጠራቅሜ በአንድ ጊዜ እንዲወርዱ፣ ከዚያ ስማቸው እንዲለወጥ አደረግሁ፤ ፍጥነቱ ተመለሰ። ማውጫውም በየ5 ደቂቃው ይጻፋል።

የእትዬ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደራደር ስልት የተዘጋጀ ነው፤ ዊንዶውስም ማክም የሚያነቡት ስለሆነ አብዛኛው ዲስክ እንደዚያ ሆኖ ነው የሚሸጠው። ኤክስፋት ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ደብተር የለውም፤ ስም በመለወጥ ላይ እያለ ኃይል ቢቋረጥ ምን እንደሚተርፍ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከመጨረሻው ማውጫ በኋላ የገቡትን ቁራሾች አሻራ ደግሞ እንዲያሰላ አዘዝሁት። የ5 ደቂቃ ሥራ ብቻ ስለሆነ ማጣራቱ ረጅም አይደለም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ሆያ ሆዬ እያሉ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሳንቲም ፍለጋ ተነሥቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ አጭር ነው።

እትዬ ፎቶ ቤት ውስጥ ቀድሞ የገባ የካሜራ ካርድ እኔ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ፋይሎቹ ሁሉ «ተለውጧል» ተባሉ። የሰዓቱን ልዩነት አወጣሁ፤ ሁሉም ላይ 10,800 ሰከንድ። ሦስት ሰዓት ነው፤ የእኛ ሰዓት ከግሪንዊች የሚቀድምበት ልክ። ካርዱ በሌላ የአደራደር ስልት፣ በፋት 32 የተዘጋጀ ነው፤ ፋት 32 የሚመዘግበው የሰዓቱን ቁጥር እንጂ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ አይደለም። የእትዬ ዊንዶውስ የአዲስ አበባ ነው ብሎ ያነበዋል፤ የእኔ ሊኑክስ የግሪንዊች ነው ብሎ። በተጨማሪም ሰከንዱ በሁለት በሁለት ነው የሚዘለው።

ከካሜራ ካርድ ለሚመጣ ብቻ፣ መጠኑ እኩል ሆኖ ልዩነቱ ሙሉ ሰዓት ከሆነ እንዳልተለወጠ እንዲቆጥረው አደረግሁ። ለሌላ ምንጭ ይህን አልፈቅድም፤ መጠኑ ሳይለወጥ ውስጡ የሚለወጥ ፋይል ይኖራል።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጾሙ ትናንት ተፈታ። ሠርጉ ገና አልተጀመረምና እትዬ ጊዜ አላቸው፤ «እስኪ አንዱን ሠርግ አንተ ቤት መልሰህ አሳየኝ» አሉ። ይህን ከሦስት ዓመት በፊት ራሴ መጠየቅ ነበረብኝ።

መመለሱ መሀል ላይ ቆመ፤ «ስሙ ረዝሟል»። የእትዬ ረዳት አቃፊ ሲሰይም ታሪክ ይጽፋል፤ የሙሽሮቹ ስም ከነአያታቸው፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን እንዳመጣቸው፣ ስንት ቀብድ እንደከፈሉ። ያ አቃፊ ክፍተቱን ሳይጨምር 97 ፊደል ነበር። ዊንዶውስ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። የእኔ ሊኑክስም 255 ይፈቅዳል፤ እርሱ ግን የሚቆጥረው ባይት ነው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8፣ ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ስምምነት፣ ሦስት ሦስት ባይት ይወስዳል። 97 በ3 ሲባዛ 291። እንግሊዝኛ ጸሐፊ 255 ፊደል የሚያገኝበት ቦታ ላይ እኛ 85 ላይ እንቆማለን።

ስሙን ልቁረጥ ብዬ 240ኛው ባይት ላይ ቆረጥሁት። መጨረሻው ላይ የማይነበብ ምልክት ወጣ፤ ቢላዋው ፊደል መሀል ላይ አርፎ ነበር። ደግነቱ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ መደበኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለ የግዕዝ ፊደል ሁሉ በዩቲኤፍ 8 የመጀመሪያ ባይቱ 225 ነው፤ ፊደሉ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ አይቸግርም። አሁን በፊደል ወሰን ላይ ይቆርጣል፤ ሁለት የተቆረጡ ስሞች እንዳይጋጩ ከአሻራው ስምንት ምልክት ይቀጥላል፤ ሙሉውን ስም ደግሞ እዚያው አጠገብ «ስሞች» በሚል ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ለረዳቱ «አሳጥረህ ጻፍ» ማለት ቀላል ነበር። ግን ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ቀብዱን የጻፈበት ቦታ ጠፍቶ ሲከራከሩ አይቻለሁ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

በሳምንቱ መጀመሪያ አንዲት ሴት ፎቶ ቤት መጡ። አባታቸው አርፈው አርባቸው ደርሷል። አባትየው ሳቅ ብለው የተነሱት ፎቶ ያለው በእኅታቸው ሠርግ ላይ ብቻ ነው፤ ሠርጉን ያነሱት እትዬ ናቸው። ፎቶው ከኮምፒውተሩ ላይ ከተነሣ ቆይቷል፤ ያለው ጎተራ ውስጥ ነው። እትዬ «ጎተራ ፈልግ» ብለው የሙሽራዋን ስም ጻፉ። «አልተገኘም።» ደግመው ጻፉ። «አልተገኘም።» በመጨረሻ ከ300 በላይ አቃፊዎችን በዓይናቸው አንድ በአንድ እያዩ አገኙት፤ ማታ ሆኖ ነበር። ሴትየዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጠብቀዋል።

የሙሽራዋን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ግን «ዓለም ፀሐይ» የሚለውን ዓይነት ነው። እስኪ እንቁጠር። የመጀመሪያውን ፊደል ሰው በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ይጽፈዋል፤ አራት። ፀን በጸ፤ ሁለት። ሐን በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ፤ ስድስት። 48 ዓይነት ሆነ። ሁለቱን ቃል የሚያጋጥምም የሚለያይም አለና 96። ሁሉንም ብናነባቸው ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን 96 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ በአማርኛ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፍሁ ብዬ የምኩራራው፣ የተረጎምሁት መልእክቱን ብቻ ነበር።

ሦስት ማታ የወሰደብኝ ይህ ነው። ሲፈለግ ብቻ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ወደ አንዱ ይመለሳሉ። ፊደላችን በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ በረድፍ ስለተቀመጠ ሥራው መደመርና መቀነስ ነው። ሠ ላይ 16 ቢደመር ሰ ይሆናል፤ ከሐ 16 ቢቀነስ ሀ፤ ከኀ 128 ቢቀነስ እንደገና ሀ፤ ከዐ 48 ቢቀነስ አ፤ ከፀ 8 ቢቀነስ ጸ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱም በዚሁ ስሌት ይሄዳሉ። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይታጠፋል። ዲቃላ ፊደሎቹ ላይ ግን ስሌቱ ይከዳል፤ ሗን 16 ቢቀንሱለት የሚመጣው ሇ ነው። ይህን ያወቅሁት ሙከራው ሲወድቅ ነው። ዲቃላዎቹን በእጅ ዘረዘርኋቸው። እግረ መንገዴን ዉን ከው ጋር አስታረቅሁ፤ ስም መጨረሻ ላይ ሁለቱን የማያደባልቅ ጸሐፊ አላጋጠመኝም። ሁለት ነጥቡና ባዶ ቦታውም በፍለጋ ጊዜ ይወገዳሉ።

ግዕዝ የተማረው ባልደረባዬ ኮዱን አይቶ ተቆጣ። «ሠዓሊንና ሰአሊን አንድ አደረግሃቸው? ሥዕል የሚሥለውና ለምኚልን የምንላት አንድ ናቸው?» ክርክሩ ደስ ይለኛል፤ እኔም ሠርግን በንጉሡ ሠ ካልጻፍሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን የተጻፈውን አልነካሁም፤ የፋይሉ ስም እንደተጻፈ ይኖራል። ያጠፍሁት ፈላጊውን ነው። በአንድ ነገር ግን አሸነፈኝ፦ በትክክል ከተጻፈው ጋር የገጠመው ከላይ፣ በድምፅ የተገኘው ከታች እንዲዘረዘር ጠየቀ። ትክክል ነው፤ አደረግሁት።

እትዬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ስም በሦስት ዓይነት ጽፈው ሞከሩ። ሦስቱንም ጊዜ አገኙት። ምንም አላሉም፤ የራሳቸውን ሠርግ ስም መፈለግ ጀመሩ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

«ጎተራ ቀንስ» የሚለው ትእዛዝ አሮጌ ቅጂዎችን ሲያሳሳ የ12 ወራትን፣ ከየወሩ አንድ አንድ ያስቀራል። ወሩን የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር። እትዬ «የግንቦቱ የት ገባ?» ሲሉኝ ግንቦት በሜይና በጁን መካከል ተከፍሎ እንደሚቀመጥ ማስረዳት ሰለቸኝ፤ ቆጠራውን ወደ እኛ አዞርሁት። ስሌቱ ከፈረንጁ ይቀላል፤ አራት ዓመት ሁልጊዜ 1,461 ቀን ነው። ለሙከራ ሁለት ቀን ይበቃል፦ የ2016 መስከረም 1 መስከረም 12 ቀን 2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የ2018ቱ ደግሞ የሚመጣው ሐሙስ፣ በእነርሱ መስከረም 11 ቀን 2025 ላይ መዋል አለባቸው። ዋሉ።

ከዚያ ትናንት አንድ ቅጂ ተወሰደ፤ የዘንድሮው መስከረም ከዝርዝሩ ወጣ። 12 ወር አስቀር ብዬዋለሁ፤ የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን በአምስት ቀኗ የአንድ ሙሉ ወር ወንበር ይዛ መስከረምን አስነሣችው። 13 ማለት አንድ መፍትሔ ነው። እትዬን ጠየቅኋቸው።

«ጳጉሜን ደሞዝ የላት፣ የቤት ኪራይ የላት። ከነሐሴ ጋር ደርባት።»

ደረብኋት።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

የሕዳሴው ግድብ ምረቃ ዛሬ ነው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ ከጎን ያለው ፀጉር ቤት ሰው ሁሉ መጥቶ ተኮልኩሏል። እኔ ደግሞ መብራት እንዲጠፋ እየጠበቅሁ ነው፤ የነሐሴውን ጥገና የምፈትንበት ሌላ መንገድ አላሰብሁም ነበር። ባለፉት ሳምንታት ስንት ጊዜ እንዳልሄደ ዛሬ ጭራሽ ዝንፍ አላለም። እኔም በዚህ ቀን «ምነው በጠፋ» ብዬ ጮክ ብዬ ለመናገር አልደፈርሁም።

ባትሪ የሌለውን አሮጌ ላፕቶፕ አምጥቼ መሰኪያውን ራሴ ነቀልሁ። 20 ጊዜ፤ አንዳንዴ ሲጀምር፣ አንዳንዴ ስም በመለወጥ ላይ እያለ። ሦስት ጊዜ ግማሽ ቁራሽ ተገኘ፤ ሦስቱንም ሲነሣ አይቶ ጥሎ እንደገና ጻፋቸው። ከ20ው በኋላ «ጎተራ መርምር» አንድም ያልገጠመ አላገኘም።

መስከረም 4 ቀን 2018፣ እሑድ

አዲሱን ስሪት አወጣሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ዲስክ በፎጣ ጠቅልዬ በታክሲ ወደ ኮተቤ ወሰድሁት፤ የእትዬ ልጅ እዚያ ናት። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለውን ደንብ ያስተዋወቀው ፒተር ክሮግ ራሱ ፎቶ አንሺ ነው፤ ለእትዬ ይህን ስነግራቸው ነው ደንቡን የተቀበሉት። በኢንተርኔት ለምን አትልከውም ላለኝ ሰው፦ 64 ጊጋባይት የሆነ አንድ ካርድ፣ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ከ35 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መስመሩ ካልተቋረጠ ነው። ታክሲው በአንድ ሰዓት 2 ቴራባይት አደረሰ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ዲስኩ ሞላ። ይህ የሚጠበቅ ነበር፤ ቀንስ ማለት ነው። «ጎተራ ቀንስ» አልሁት። «ቦታ የለም» አለኝ።

ለካስ ወጥመዱን ያጠመድሁት ራሴ ነኝ። ለጥንቃቄ ብዬ ቅነሳው መጀመሪያ አዲሱን ማውጫ ጽፎ እስኪጨርስ አሮጌ ቁራሽ እንዳይሰርዝ አድርጌዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ተገልብጦ ቢሆን መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ሁለቱንም እናጣለን። ግን ዲስኩ ላይ አንድ ባይት ከሌለ አዲሱ ማውጫ የሚጻፍበት የለም፤ ማውጫው ካልተጻፈ የሚሰረዝ የለም። ሌላ ዲስክ ላይ ማውጫውን ጽፌ በእጄ አስለቀቅሁት፤ እትዬ አጠገቤ ቆመው እያዩ ነበር።

መፍትሔው ጎተራው ሲፈጠር 256 ሜጋባይት የሚይዝ ባዶ ፋይል አብሮ ማስቀመጥ ነው። ዲስኩ ሲሞላ ቅነሳው ያንን ያነሣል፣ በቦታው ማውጫውን ይጽፋል፣ አሮጌውን ይሰርዛል፣ ከዚያ ፋይሉን ይመልሰዋል። ሌላ ማንኛውም ትእዛዝ እንዳይነካው ከለከልሁ። ስሙን «መጠባበቂያ» ልለው ነበር፤ ፕሮግራሙ ራሱ መጠባበቂያ ስለሆነ ያምታታል።

«ዘር በለው» አሉ እትዬ። የገበሬ ልጅ ናቸው። «ጎተራ ቢራቆት እንኳ ዘር ለብቻው በእንቅብ ተቀምጦ ይከርማል እንጂ አይፈጭም።»

መልእክቱን እንዲህ ጻፍሁት፦ «ጎተራው ሞልቷል። የቀረው ዘር ብቻ ነው፤ አዲስ ከማስገባትዎ በፊት ይቀንሱ።» ትንሽ ዲስክ ሞልቼ ፈተንሁት፤ ዘሩ ተነሣ፣ ማውጫው ተጻፈ፣ አሮጌው ተሰረዘ፣ ዘሩ ተመለሰ። በእትዬ ዲስክ ላይም ዘሩን አኖርሁ። ገና ላፕቶፑን ሳልዘጋ ረዳቱ ሁለት ካርድ ይዞ መጣ፤ ዲስኩ ላይ የተለቀቀው ቦታ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ነበር።